ሦስት ጊዜ የተከፈተው የጋቢና በር

የአየር መንገዱን ስም አልጽፍም። የአገራችን እንዳልሆነ ብቻ ልናገር፣ ሰው እንዳይጠረጥር። ቅሬታ አስገብቼ መልስ እየጠበቅኩ ነው። በረራ ላይ ሳለን የአብራሪዎቹ ክፍል፣ የጋቢናው በር፣ ሦስት ጊዜ ተከፈተ፤ የሆነውን ሳላስቀር እጽፈዋለሁ። ከድሬ፣ ከሐረር፣ ከጅግጅጋ ዕቃ ለማምጣት ወደ ዓረብ አገር የሚመላለስ ብዙ ነው። እናቱን ልጅ እንድታርስ ልኮ የሚቀበልም ብዙ ነው። ትኬት ስንቆርጥ ግን የምንጠይቀው ስንት ኪሎ ይፈቀዳል የሚለውን ብቻ ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

መጀመሪያ ስለ ራሴ ትንሽ፣ ለነገሩ ስለሚጠቅም። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር የብረት በርና መስኮት እሠራለሁ። አባቴ ከዚራ ውስጥ ቁልፍ ይጠግን ነበር፣ እኔ ብየዳውን ጨምሬበት ቀጠልኩ። አሥራ ስድስት ዓመት በር ስሰቅል ኖሬአለሁ። በር ሲዘጋ ድምፁን ሰምቼ ቁልፉ መንከሱንና አለመንከሱን አውቃለሁ። ጉራ አይደለም፣ ሥራው ራሱ ያስተምራል። የሄድኩትም ለዚሁ ነው፤ የበር ቁልፍ፣ ማጠፊያና በኤሌክትሪክ የሚከፈት የግቢ በር ዕቃ ላመጣ።

ስለ በረራው መልካሙን ላስቀድም። ዋጋው ከሌሎቹ ይሻላል። ሁለት ሻንጣ ያስይዛሉ፣ ለነጋዴ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሰዓቱን አክብሮ ተነሳ። ምግቡ ሩዝና ዶሮ ነው፣ ይበላል። ወንበሩ ጠበብ ይላል፣ አራት ሰዓት ለማይሞላ መንገድ ግን ይቻላል። ይህን ያህል ይበቃዋል፣ የመጣሁበት ጉዳይ ሌላ ነው።

አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ነው። የደረሰኝ ቦታ ፊት ነው፣ የመጀመሪያው ረድፍ፣ መተላለፊያው ጋ። መጋረጃው ሲገለጥ የአብራሪዎቹ በር ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ አራት አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። ከጎኔ አንዲት የሐረር እናት ተቀምጠዋል። ቤታቸው ጀጎል ውስጥ ነው። ልጃቸውን አርሰው መመለሳቸው ነበር፣ የልጅ ልጃቸውን ፎቶ ገና ሳንነሳ አሳይተውኛል።

ከተነሳን አንድ ሰዓት ያህል ሲሆነን አንደኛዋ ሆስተስ የምግብ ጋሪውን ጎትታ መተላለፊያው ላይ አቆመችው። ካፒቴኑ ወጣ፣ ሽንት ቤት ገባ። ሌላዋ ሆስተስ በእሱ ፈንታ ጋቢና ገባች። ይህን ብዙዎቻችሁ አይታችሁት ይሆናል፣ ለምን እንደሆነ በኋላ እመለስበታለሁ። ካፒቴኑ ተመለሰ፣ ሆስተሷ ወጣች፣ በሩ ተዘጋ።

በደንብ የነከሰ ቁልፍ ሁለት ድምፅ አለው። አንዱ በሩ ፍሬሙን ሲነካ ነው፣ ሌላው የቁልፉ ምላስ ቤቱ ሲገባ። እኔ የሰማሁት አንዱን ብቻ ነው። ለራሴ “አልነከሰም” አልኩ፣ ግን የአውሮፕላን በር ምናልባት ድምፁ ሌላ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

አምስት ደቂቃ አልሞላም። አውሮፕላኑ ትንሽ ነቅነቅ አደረገንና በሩ ቀስ ብሎ ወደ እኛ ተከፈተ። አንድ ክንድ ያህል። ውስጡ ጨለም ያለ ነው፣ ስፍር ቁጥር የሌለው ትንንሽ መብራት ይታያል፣ የረዳት አብራሪውም ትከሻ።

“ልጄ፣ ያ በር እንዲህ ክፍት ሆኖ ነው የሚኬደው?” አሉኝ እናታችን።

“አይ እማማ፣ አሁን ይዘጉታል።”

ሆስተሷ ሮጣ ገፋችው። ተዘጋ። ሁለት ደቂቃ ቆይቶ እንደገና ተከፈተ። በዚህኛው ረዳት አብራሪው ከወንበሩ ዞር ብሎ ሳበው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲከፈት ግን ከፊት ያለን ሰዎች ሁሉ አየነው፣ ከኋላዬ ያለው ልጅ ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ፣ አንድ ሰውዬ ተነስቶ “ምንድን ነው እየሆነ ያለው?” ብሎ ጮኸ፣ ይህን የሰማው የኋላው ሰው ደግሞ ምንም ሳያይ መጮህ ጀመረ።

እዚህ ላይ የሆስተሶቹን አለቃ ሳላመሰግን አላልፍም። ዕድሜዋ አርባ ቢሆን ነው። አልጮኸችም፣ አልሮጠችም። ጋሪውን አምጥታ ከበሩ ፊት አግድም አቆመችው፣ ፍሬኑን በእግሯ ረገጠች። ወንዱን አስተናጋጅ ከኋላ ጠርታ ከጋሪው ፊት አቆመችው። ለቆመው ሰውዬ እጇን ትከሻው ላይ ሳታሳርፍ፣ በዓይኑ እያየችው፣ “ጌታዬ፣ እባክዎን ይቀመጡ፣ እኔ ስቀመጥ ያን ጊዜ ይጨነቁ” አለችው። ተቀመጠ። ቀረጻውን ለያዘው ልጅ ምንም አላለችውም፣ መጋረጃውን ብቻ ዘጋችው። እኔ ግን በመጋረጃው ክፍተት ማየት ችዬ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዝምታ። ሰዓቴን እያየሁ ነበር፣ ሃያ አምስት ደቂቃ። ከድምፅ ማጉያው አንድ ቃል አልወጣም። ሰው በሹክሹክታ ሲያወራ ወሬው ወደ ኋላ እየሄደ እያደገ መጣ። አጠገባችን ያለው ሰው በሩ አልዘጋ አለ ይላል። አሥር ረድፍ ወደ ኋላ ሰው ጋቢና ሊገባ ሞከረ ሆኗል። ሽንት ቤት ስሄድ ከመጨረሻዎቹ ወንበሮች አንዷ ልጅ እያለቀሰች ለጓደኛዋ “ጠልፈውናል” ስትላት በጆሮዬ ሰማሁ። ቁልፍ ነው የተበላሸው፣ ሌላ ምንም የለም ብዬ ነገርኳት። ማን ነህ ሳትለኝ አመነችኝ። የሚነግራት ሰው ስላልነበረ ነው።

ስመለስ እማማ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ዱዓ ላይ ናቸው። ትንሽ ቆይተው ጠየቁኝ፤ “አሁን ከውስጥ ጥርቅም አድርገው ቢዘጉትና እነሱን ቢያማቸውስ? ማን ይከፍትላቸዋል?”

በሕይወቴ ስለ በር ከተጠየቅኩት ሁሉ ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። ያን ሌሊት መልስ አልነበረኝም። ድሬ ከገባሁ በኋላ ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ሳነብ ያመሸሁት በእሳቸው ጥያቄ ምክንያት ነው።

መጨረሻ ላይ ከበሩ ሌላ ድምፅ ሰማሁ። ቀጭ አለ፣ የብረት መቀርቀሪያ ድምፅ። ይህን አልስተውም። ቁልፉ በኤሌክትሪክ አልይዝ ሲላቸው በእጅ የሚዞረውን መቀርቀሪያ ወርውረውት ነበር። ከዚያ ካፒቴኑ መጣ፦ “ትንሽ የቴክኒክ ነገር ነበር፣ ለትዕግሥታችሁ እናመሰግናለን።” ይህችው ናት። ከሃያ አምስት ደቂቃ በኋላ አንድ ዓረፍተ ነገር።

አሁን ስለ በሩ ልንገራችሁ።

ድሮ ይህ በር በር አይባልም ነበር። ስስ ነገር ነው። አጎቴ በልጅነቱ ሲበር አብራሪዎቹ ጠርተውት ጋቢና ገብቶ እንደነበር እስካሁን ያወራል። ነገሩን የቀየረው መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. ነው። እኛ እንቁጣጣሽ እያከበርን ሳለ ኒውዮርክና ዋሽንግተን ላይ የደረሰውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ጠላፊዎቹ ጋቢና በቀላሉ ገቡ። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ መንግሥት አየር መንገዶቹ እስከ ኤፕሪል 2003 እ.ኤ.አ. በራቸውን በጠንካራ እንዲቀይሩ አዘዘ። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅትም ከኖቬምበር 1 ቀን 2003 ጀምሮ ከ60 በላይ መንገደኛ የሚይዝ ወይም ከ45,500 ኪሎ በላይ ይዞ የሚነሳ የመንገደኛ አውሮፕላን ሁሉ ጥይትና የቦምብ ፍንጣሪ የሚችል፣ በጉልበት የማይከፈት በር እንዲኖረው ደነገገ። ከተሳፈርን በኋላ የውጭ በሮች ከተዘጉበት ጊዜ ጀምሮ እስክንወርድ ድረስም ተዘግቶ ተቆልፎ መቆየት አለበት፣ ሰው ለመግባትና ለመውጣት ካልሆነ በቀር። ስለዚህ ያን ሌሊት ያየነው ነገር ቀላል አይደለም። ካፒቴኑ “ትንሽ” ማለቱ አላስደሰተኝም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በ737 ላይ በሩን የሚይዘው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቁልፍ ነው። ኃይል ሲኖር ይቆልፋል፣ ኃይል ሲቋረጥ ይለቃል። እኔ ድሬ ላይ የኤሌክትሪክ በር ስሸጥ ደንበኛ ሁሉ ዋጋ ሳይጠይቅ በፊት የሚጠይቀው “መብራት ሲጠፋስ?” ብሎ ነው። የአውሮፕላኑን በር የሠሩትም ይህን ጥያቄ ጠይቀዋል ማለት ነው። ቁልፉ እንቢ ሲል አብራሪዎቹ ፊት መብራት ይበራል። ያን ጊዜ በእጅ የሚዞር መቀርቀሪያ አለላቸው። ባለ ሁለት እጀታ ነው። አንደኛውን ብቻ ካዞሩት ከውጭ በቁልፍ ሊከፈት ይችላል፣ ሁለቱንም ካዞሩ ግን ከውጭ ቁልፍ አይሠራም። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፣ ደስ ብሎኝ። አባቴ ለወርቅ ቤቶች እንዲህ ያለ መቀርቀሪያ ይሠራ ነበር።

የእማማ ጥያቄም መልስ አለው። ከበሩ ውጭ ቁጥር የሚጫንበት ሰሌዳ አለ። ሆስተሷ ስትፈልግ ትደውላለች። ውስጥ ያሉት መልስ ካልሰጡ የአደጋ ጊዜ ቁጥር ታስገባለች፣ ውስጥ ማስጠንቀቂያ ይጮኻል፣ ጥቂት ጊዜ ተጠብቆ ማንም ካልከለከለ በሩ ይለቃል። አብራሪዎቹ ራሳቸውን ከሳቱ የሚገባው በዚህ ነው። ቁጥሩን ያስገባው ሰው ሌባ ከሆነ ወይም ተገዶ ከሆነ ደግሞ አብራሪው ስዊቹን ወደ መከልከያው ያዞራል፣ ያን ጊዜ ሰሌዳው ለተወሰነ ጊዜ አይሰማም።

ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የሚከለክለው ሰው ራሱ ክፉ ከሆነስ? እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 2015 ከባርሴሎና ወደ ዱሰልዶርፍ ይበር የነበረው የጀርመንዊንግስ ኤርባስ የሆነው ይኼው ነው። ካፒቴኑ ወጣ፣ ረዳቱ ቆለፈበት፣ አውሮፕላኑን ተራራ ላይ ጣለው። 150 ሰው አለቀ። ካፒቴኑ በሩን ሊሰብር እስከ መጨረሻው ታግሏል፣ በሩ ግን ለዚያ ነው የተሠራው፣ እንዳይሰበር። ከዚያ በፊት በኖቬምበር 2013 ከማፑቶ ወደ ሉዋንዳ ሲሄድ የነበረው የሞዛምቢክ አውሮፕላን ናሚቢያ ውስጥ እንዲሁ ወደቀ፣ 33 ሰው ሞተ፣ እዚያ ደግሞ የቆለፈው ካፒቴኑ ነበር። የእኛንም አትርሱ። የካቲት 10 ቀን 2006 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ሮም የተነሳው 767 ረዳት አብራሪው ካፒቴኑን ውጭ ቆልፎ ጄኔቭ ወሰደው። 202 ሰው ነበረበት፣ ተመስገን፣ ሁሉም በደህና ወረዱ። ያን ሰሞን ድሬ ላይ ሌላ ወሬ አልነበረም።

ከጀርመንዊንግስ በኋላ ብዙ አየር መንገዶች ጋቢና ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን እንዳይቀር ደንብ አወጡ። አንዱ አብራሪ ሲወጣ ሆስተሷ የምትገባው ለዚያ ነው። ጋሪው የሚቆመውም በሩ በተከፈተባት ጥቂት ሰከንድ ማንም ዘልሎ እንዳይገባ ነው። ቀጥሎ ስታዩ “ምን ያስመስላሉ” አትበሉ፣ መንገዱን ልቀቁላቸው።

በሩ ያለ ማንም ክፋት ሲበላሽም ታይቷል። በጃንዋሪ 2015 ከሚኒያፖሊስ ወደ ላስ ቬጋስ በሚበር የዴልታ አውሮፕላን ላይ ካፒቴኑ ወጥቶ ሊመለስ ሲል በሩ ተጣብቆ አልከፈት አለው። ረዳቱ ብቻውን አሳረፈው፣ በደህና። እኛ ጋ የሆነው ተቃራኒው ነው፣ የእኛ አልዘጋም አለ። አንድ ዕቃ ነው፣ ሁለት ዓይነት ብልሽት አለው፣ ሁለቱም ያስፈራሉ። በር የምትሠሩ ሰዎች ይገባችኋል።

ከሁሉ የገረመኝን ልንገራችሁ። በ2016 ዓ.ም. ገና ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው የአላስካ አየር መንገድ 737 ማክስ 9 ከፖርትላንድ ተነስቶ 16,000 ጫማ አካባቢ ሲደርስ ከጎኑ የበር መድፈኛ፣ የማይፈለግ መውጫ በር የተደፈነበት ክዳን፣ ተገንጥሎ ወደቀ። ያኔ አየሩ በኃይል ሲወጣ የጋቢናው በርም በርግዶ ተከፈተ። የረዳት አብራሪዋ የጆሮ ማዳመጫ ተነቅሎ ሄደ። መርማሪዎቹ በኋላ ሲናገሩ በሩ ተበላሽቶ አይደለም፣ እንዲከፈት ሆኖ ነው የተሠራው አሉ። በአንድ በኩል አየሩ በድንገት ሲወጣና በሌላ በኩል ታፍኖ ሲቀር ግድግዳው ወይም ወለሉ ሊበጣጠስ ይችላል፣ ስለዚህ በሩ መልቀቅ አለበት። አንዳንዱ በር ላይ ለዚህ ተብለው የሚፈነጠሩ ትንንሽ መዝጊያዎች አሉ። የሚያሳዝነው ግን አብራሪዎቹ ይህን አያውቁም ነበር፣ ማንም አልነገራቸውም። ቦይንግ መመሪያውን እቀይራለሁ ያለው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ የሐረር ግንብ ነው። አሚር ኑር ያሠሩት ግንብ፣ አምስቱ በሮች ማታ ማታ ይዘጉ የነበረበት። ያ ሁሉ ጥበቃ እያለ ግንቡ ሥር ዝቅ ያሉ ቀዳዳዎች አሉ፣ ጅብ ሌሊት ገብቶ የከተማውን ቆሻሻ በልቶ የሚወጣባቸው። ጀጎል የሄደ ሁሉ አይቷቸዋል። ሰው እንዳይገባ ግንብ ሠርተው ጅብ እንዲገባ ቀዳዳ የተዉት ሰዎች መዝጋት ብቻ እንደማይበቃ ያውቁ ነበር። ደግሞ ልዩነቱን ተመልከቱ፣ ሐረር ውስጥ ያን ቀዳዳ ለምን እንደተተወ የማያውቅ ሕፃን የለም። አብራሪዎቹ ግን የራሳቸውን በር አያውቁትም ነበር።

ወደ በረራችን ልመለስ። መቀርቀሪያው ከተወረወረ በኋላ በሩ አልተንቀሳቀሰም። የፊቱን ሽንት ቤት ለመንገደኛ ዘጉት። ወንዱ አስተናጋጅ እስክናርፍ ከዚያ አልተነሳም። ቦሌ በሰላም አረፍን፣ ሰው አጨበጨበ፣ እማማ እልል አሉ።

ስንወርድ የአየር መንገዱን ሠራተኛ ጠየቅሁ። ምን እንደተበላሸ ለመንገደኛው ለምን አልተነገረም? “ምንም የተፈጠረ ነገር የለም” አለኝ። ሦስት ጊዜ ተከፍቶ አይቻለሁ፣ ቪዲዮም የያዘ ሰው አለ ስለው “ለደኅንነት ሲባል ስለዚህ አንናገርም” አለ። የቁልፉን ምስጢራዊ ቁጥር ንገሩኝ አላልኩም እኮ። የኋላ ወንበር ላይ ስታለቅስ የነበረችውን ልጅ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማረጋጋት ይቻል ነበር፦ “የጋቢናችን በር ቁልፍ አልያዘም፣ በእጅ ቆልፈነዋል፣ ሠራተኛችን በሩ ጋ ቆሟል፣ አውሮፕላኑ በደንብ እየበረረ ነው።” ይህ የትኛውን ምስጢር ያወጣል? የቀረጸው ልጅ እኮ ከሁሉም በላይ አሳይቷል።

ኢሜይል ላክሁ። መጀመሪያ የመጣልኝ ማሽን የጻፈው ነው፣ ስለ መረጡን እናመሰግናለን የሚል። ሁለተኛው ከሳምንት በኋላ መጣ፣ ለሚቀጥለው ትኬት ቅናሽ የሚሰጥ። የጠየቅሁት ቅናሽ አልነበረም። ሦስት ነገር ነው የጠየቅሁት። በሩ ምን ሆኖ ነው? ከመነሳቱ በፊት ታይቶ ነበር ወይ? ተጠግኖ ነው ወይ እንደገና የበረረው? ለደንበኛዬ የሠራሁት በር ቢበላሽ ሌላ በር በቅናሽ ልሥራልህ አልለውም። መጥቼ አየዋለሁ፣ ምን እንደሆነ እነግረዋለሁ፣ ከዚያ እጠግናለሁ።

በነጋታው በርጫ ላይ ጉዳዩን ሳነሳው ክርክር ሆነ። አንዱ ጓደኛችን “አቦ፣ ድሮ በሩ ክፍት እያለ ምን ሆንን? ያንሱት” አለ። ሌላው ደግሞ ጭራሽ ተበይዶ ይዘጋና ለአብራሪዎቹ የራሳቸው መግቢያና ሽንት ቤት ይሠራላቸው ባይ ነው። ይኼኛው ሐሳብ የሚናቅ አይደለም፣ ነገር ግን አብራሪዎቹ ሁለቱም ቢታመሙ የእማማ ጥያቄ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካኖቹ አዲስ በሚሠሩ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ላይ ከበሩ ፊት ሁለተኛ ማገጃ እንዲጨመር ደንብ አውጥተዋል፣ ዋናው በር በሚከፈትበት ጊዜ የሚዘረጋ። በጋሪ ፈንታ ማለት ነው። ለእኔ ይህ ትክክለኛ ሥራ ነው። ያን ሌሊት ያ ማገጃ ቢኖር አንዱ አስተናጋጅ እስክናርፍ ድረስ እንደ ዘበኛ ባልቆመ ነበር።

እንግዲህ ነጥብ ልስጥ። ለዋጋውና ለሻንጣው 4 ከ5። ለምግቡ 3። ለሆስተሶቹ 5፣ ከዚያ በላይ ቢኖር እጨምር ነበር። ለአብራሪዎቹ አሠራር 4፣ መቀርቀሪያውን ቶሎ ማዞር ይችሉ ነበር ብዬ ስለማምን ነው፣ በሩ ለሦስተኛ ጊዜ እስኪከፈት መጠበቅ አልነበረባቸውም። ከመንገደኛ ጋር ለመነጋገር 1። ከበረራ በኋላ ላለው የደንበኛ አገልግሎት ደግሞ ምንም፣ ለጥያቄዬ መልስ ሲሰጡኝ እዚሁ መጥቼ አስተካክለዋለሁ። እንደገና እበራለሁ ወይ? ለሦስቱ ጥያቄዎቼ መልስ ካገኘሁ አዎ። ካላገኘሁ የትኬቱ ዋጋ ቢወደድም ሌላ እፈልጋለሁ።

ከፊት ለመቀመጥ ለምትመርጡ አንድ ነገር። በሩ ሲከፈት ካያችሁ አትነሱ፣ ስልክ ይዛችሁም ወደ በሩ አትጠጉ። ሠራተኞቹ የተነሳ ሰው ሲያዩ ዓይናቸው ከበሩ ላይ ይነሳል። ቁጭ በሉ፣ በቀስታ ጠይቁ። ከወረዳችሁ በኋላ ግን በጽሑፍ ጠይቁ፣ ቀኑን፣ የበረራ ቁጥሩንና የተቀመጣችሁበትን ጽፋችሁ።

እማማ ትናንት ከሐረር ደወሉልኝ። ስልክ ቁጥሬን ቦሌ ላይ ወስደው ነበር። የልጅ ልጃቸው ደህና ነው፣ ክብደት ጨምሯል። ከዚያ ወደ ጉዳያቸው ገቡ።

“ልጄ፣ የግቢዬ በር ከውስጥ የሚወረወር ብረት ነው ያለው። ማታ ብቻዬን ነኝ። ያን ቀን ካየሁት ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም፣ ብወድቅ ማን ገብቶ ያነሳኛል?”

“ከውስጥ ይቆልፉታል፣ ቁልፉን የያዘ ጎረቤት ደግሞ ከውጭ ይከፍተዋል። እንዲህ ያለ አለኝ፣ ከዚያው ከዓረብ አገር ያመጣሁት ነው።”

“ለጎረቤቴ ለሴትየዋ አንድ፣ ለወንድሜ ልጅ አንድ ቁልፍ ይሁን።”

ቅዳሜ ጠዋት መሰርሰሪያዬን ይዤ እወጣለሁ። ሆጃ አፍልተው እንደሚጠብቁኝ ነግረውኛል።